ዴቪድ ሉካስ፦ የኮንስታብልን ሰማይ ከብረት ላይ ፍቆ ያወጣው ባለሙያ

ሰሌዳና ቀለም፦
የእንግሊዝ የመልክዓ ምድር ህትመት በተነሣ ቁጥር ወሬው ሠዓሊው ተርነር ጋ ሄዶ ይቀራል። ይህን ክር የከፈትኩት ለዴቪድ ሉካስ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉካስ በ1802 በኖርዝሃምፕተንሺር፣ ብሪግስቶክ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የልጁን ሥዕል አይቶ ወደ ሙያው ያስገባው ሳሙኤል ዊልያም ሬይኖልድስ ነው፤ በዘመኑ ስሙ የገነነ የሜዞቲንት (ከብረት ሰሌዳ ላይ ብርሃን እየፋቁ ምስል የሚያወጡበት የህትመት ዘዴ) ባለሙያ። በ1829 የመልክዓ ምድር ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል ሥዕሎቹን በራሱ ወጪ በህትመት ሊያወጣ ሲነሣ ሉካስ ገና 27 ዓመቱ ነበር። ኮንስታብል በዚያው ዓመት የሮያል አካዳሚ (የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ማኅበር) ሙሉ አባል ሆኖ ተመርጧል፤ ባለቤቱ ማሪያ ከሞተችም ጥቂት ወራት ቢሆን ነው። የሁለቱ ሥራ ከ1830 እስከ 1832 በአምስት ክፍል ወጣ። እያንዳንዱ ክፍል አራት አራት ህትመት፤ የመክፈቻው ሥዕልና የመዝጊያው ሲጨመሩበት 22 ሰሌዳ። ሥራው በአጭሩ «የእንግሊዝ መልክዓ ምድር» ይባላል። ገበያ ግን አላገኘም፤ ኮንስታብል በ1837 ሲሞት ብዙው ሳይሸጥ ተከምሮ ነበር። ሉካስ ራሱ እስከ 1881 ኖሮ በፉልሃም የድሆች መጠለያ ሞተ።

እንድንነጋገርበት የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ሰሌዳዎቹ እንዴት ተሠሩ? ለምን በመዳብ ፈንታ ስቲል ተመረጠ? አንድ ህትመት በእጃችን ቢገባ ኮንስታብል በሕይወት ሳለ የታተመ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ጥርሳሙ ብረት፦
ከአሠራሩ ልጀምር፤ እሱ ካልገባን ሌላው ሁሉ አይገባንም።

መስመር የሚቀርጽ ባለሙያ ከነጭ ተነሥቶ ጥቁር ይጨምራል። ሜዞቲንት ተገላቢጦሹ ነው፤ ከድቅድቅ ጨለማ ተነሥተህ ብርሃን ታወጣለህ። መጀመሪያ ሰሌዳው በሮከር ይታረሳል። ሮከር ማለት አፉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ ጥርስ ያለው ሰፊ መሮ ነው። ጥርሱ በአንድ ኢንች ከ65 እስከ 100 ይደርሳል። እጀታውን ይዘህ ግራና ቀኝ እያወዛወዝህ በሰሌዳው ላይ ቀስ በቀስ ታስኬደዋለህ። ጥርሱ ብረቱን ሲወጋ ከጉድጓዱ ዳር ጥቃቅን እሾህ ያነሣል። በአንድ አቅጣጫ ከጨረስህ ሰሌዳውን ትንሽ አዙረህ እንደገና። 24 አቅጣጫ ካሰብህ በየዙሩ 7.5 ዲግሪ ታዞራለህ ማለት ነው፤ ብዙዎች ከዚያም ያልፋሉ። ሲያልቅ ሰሌዳው በጣት ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ቀለም ቀብተህ ብታትመው ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሉ የሚመጣው። ብርሃን በሚፈለግበት ቦታ እሾኹን በመፋቂያ ትቀንሳለህ። በትንሹ ከፋቅህ ጥቁር ግራጫ፣ ጨምረህ ከፋቅህ ፈዛዛ ግራጫ፣ እስከ ሥሩ ፍቀህ በማለስለሻ ካሸኸው ነጭ። ምስሉ በወረቀት ላይ ተገልብጦ ስለሚወጣ ሰሌዳው ላይ ግራውን ቀኝ አድርጎ መሥራት ግድ ነው፤ ለዚህ ዋናውን ሥዕል በመስታወት እያዩ መሥራት የተለመደ ዘዴ ነበር።

ስህተት የሚመጣው በብዛት ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው እርሻው እኩል አለመሆኑ፤ ሮከሩ በአንድ አቅጣጫ ከበዛ ሰማዩ ላይ ዝናብ የመሰለ ቀጥ ያለ ሽንትር ይታያል። ሁለተኛው ከልክ በላይ መፋቅ ነው። የተፋቀ እሾህ አይመለስም። ቦታውን በትንሽ ሮከር ወይም ሩሌት በሚባለው ጥርሳም መንኮራኩር እንደገና ማረስ ይቻላል፤ ነገር ግን የተጠገነው ቦታ ልብሱ ላይ እንደ ተለጠፈ እራፊ ለሚያውቅ ዓይን ይታያል።

ጋሽ ማተሚያ፦
ጥርሳሙ በደንብ አስረድቶታል። እኔ ወደ ስቲሉ ልለፍ።

ሜዞቲንት ከ1640ዎቹ ጀምሮ የመዳብ ሥራ ነበር። የመዳብ እሾህ ረጅምና ቀለም የሚጠግብ ስለሆነ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ሰሌዳው በማተሚያው ሮለር ሥር ባለፈ ቁጥር እሾኹ ይደፈጠጣል፤ የጥራት ልዩነቱ ከጥቂት ደርዘን ህትመት በኋላ መታየት ይጀምራል። በ1822 ቶማስ ጎፍ ሉፕተን ሜዞቲንትን በለስላሳ ስቲል ሠርቶ ማሳየቱ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ አሁን ከአንድ ሰሌዳ ከሺህ በላይ ማተም ይቻላል። ዛሬ ከመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀጭን የብረት ልባስ በኤሌክትሪክ ማልበስ ይቻላል የሚል ሰው ቢኖር፣ ያ ዘዴ የመጣው በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1830 ለሉካስ የቀረበለት ምርጫ ወይ ስቲል ወይ መዳብ ብቻ ነበር።

የስቲል ዋጋው ምንድን ነው? እሾኹ አጭር ነው። ስለዚህ ጥቁሩ እንደ መዳብ ሐር አይሆንም፤ ጠንከር፣ ቀዝቀዝ ይላል። መፋቂያው ቶሎ ይደነዝዛል፤ በየጊዜው በዘይት ድንጋይ መሳል አለበት። ደግሞም ይዝጋል። እርጥበት ባለበት ክፍል ያለ ቅባት ወይም ሰም ያደረ ስቲል፣ ጠዋት ሰማዩ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ይዞ ይጠብቅሃል። እነዚያ ነጥቦች ቀለም ስለሚይዙ ህትመቱ ላይ ጥቁር ነቁጥ ሆነው ይወጣሉ።

በእኔ እይታ ኮንስታብል ስቲል መምረጡ ስህተት ነበር። ጥቂት ሰው ብቻ ለሚገዛው ሥራ የሺህ ህትመት ብረት ምን ያደርጋል?

ደመና ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ሲጀምር ኮንስታብል ጥቂት እሸጣለሁ ብሎ አልተነሣም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጉዳዩ የሽያጭ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሙከራ ህትመትም አለበት። ኮንስታብል አንድ ሰሌዳ «አለቀ» እስኪል ድረስ የሙከራ ህትመት እየተላከለት፣ በላዩ በነጭና በጥቁር እያረመ፣ ይመልሰዋል። ሉካስ ያንን ያስተካክላል፤ እንደገና ያትማል፤ እንደገና ይታረማል። አንዳንዱ ሰሌዳ ይህን ዙር ደጋግሞ አልፏል። ሰሌዳው መዳብ ቢሆን ኖሮ ሰው ሳይገዛው በሙከራ ብቻ ያልቅ ነበር። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና በኬምብሪጁ ፊትዝዊልያም ሙዚየም ያሉትን የሙከራ ህትመቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ይረዳል።

ሌላም አለ። ኮንስታብል የፈለገው የሐር ጥቁር ሳይሆን የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ነው። የእሱ ሥዕል ላይ ቅጠሉ እርጥብ ነው፤ ውሃው ያብለጨልጫል፤ በቀለም ቢላ የተነጠቡ ነጭ ነጥቦች አሉ። በዘመኑ ተቺዎች ይስቁበት የነበረው ይኸው ነጭ ነጥብ ነው። የስቲል ጥንካሬ ለዚህ ይመቻል፤ ትንሽ ሹል መፋቂያ በጥቁሩ መካከል ጠርዙ ያልደበዘዘ ብልጭታ ያወጣል። ሉካስ ጥቁሩ ሲሳሳበት ደግሞ በመርፌ እየቧጨረ መስመር ይጨምራል። «የንጹሕ ሜዞቲንት ሕግ ተጣሰ» የሚሉ አሉ። ይጣስ!

ጋሽ ማተሚያ፦
የሙከራ ህትመቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ አላሰብኩበትም ነበር። ጥቁሩን ግን አሁንም አልወደውም።

አዲስ ገቢ፦
እናንተ በምትጽፉበት ክር ለመጠየቅ ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ከሰሌዳዎቹ አንዱን ብቻ ወስዳችሁ ምን ላይ እንደማተኩር ብታሳዩኝ? ሌላው ደግሞ፣ በ1809 የታተሙት የሄንሪ ሳልት የሐበሻ ትዕይንቶች፣ የአክሱም ሐውልት ያለበት ማለቴ ነው፣ ሜዞቲንት ናቸው?

ደመና ቆጣሪ፦
ምንም ፍርሃት አያስፈልግም። «ስፕሪንግ» የተባለውን ውሰድ፤ ጸደይ ማለት ነው። ምስሉ የደብተር ገጽ ያህል ነው። በሰፈልክ ያለችው የኮንስታብል የትውልድ መንደር የኢስት በርግሆልት የጋራ ሜዳ፣ ፈረስ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ ከጎኑ የነፋስ ወፍጮ። ኮንስታብል የወፍጮ ባለቤት ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ እዚያው ወፍጮ ሠርቷል፤ ስለዚህ ሰማይ ማየት ለእሱ የመተዳደሪያ ጉዳይ ነበር።

መጀመሪያ ደመናውን እይ። ትልልቆቹ ደመናዎች ከላይ ብርሃን፣ ከታች ጥላ አላቸው። ከእነሱ በታች የሚሮጡ ትንንሽ ጠቆር ያሉ ብጥስጣሽ ደመናዎች አሉ። ኮንስታብል ለዚህ ሰሌዳ በጻፈው ማብራሪያ ወፍጮ ሠሪዎችና መርከበኞች እነዚህን «መልእክተኞች» እንደሚሏቸውና መጥፎ አየር እንደሚያበስሩ ይነግረናል። አሁን ከባለሙያው ወንበር ሆነህ አስበው፦ ሉካስ በመጀመሪያ ከጨለማው ብሩህ ደመና ፍቆ ማውጣት፣ ከዚያም በብሩሁ ላይ ጠቆር ያለው ብጥስጣሽ እንዲቀር ቦታውን ሳይፋቅ መተው አለበት። ቀድሞ ካላሰበበት አለቀለት። የፋቀውን መመለስ አይችልም።

ሁለተኛ መሬቱን እይ። የታረሰው ትልም በአግድም ሄዶ ደመናው በሜዳው ላይ በጣለው ጥላ ይቆረጣል። ይህ ጥላ የሰማዩ ሌላ ግማሽ ነው። በደከመ ህትመት መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ልዩነት ነው፤ ጥላውና ትልሙ ተዋህደው አንድ ግራጫ ይሆናሉ።

ጥርሳሙ ብረት፦
የሳልትን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። በ1809 በለንደን የወጡት የሳልት 24 ትዕይንቶች፣ የሐበሻዎቹም ጭምር፣ አኳቲንት ናቸው። አኳቲንት ላይ የሙጫ ብናኝ በሰሌዳው ላይ ይነሰነስና በሙቀት ይጣበቃል፤ ከዚያ አሲድ በብናኙ መካከል ያለውን መዳብ ይበላዋል። ውጤቱ የውሃ ቀለም ቅብ ይመስላል፤ ለዚህም ነው በእጅ ቀለም እየተቀባ የሚሸጠው። በማጉያ ስታየው በነጭ ደሴቶች ዙሪያ የሚዞር የጥቁር መረብ ታያለህ። ሜዞቲንት ላይ ግን በየአቅጣጫው የሚሻገሩ የነጥብ ረድፎች ነው የምታየው፤ በተለይ ጥቁርና ግራጫ በሚገናኙበት ጠርዝ። አንድ ጊዜ ካየኸው አትረሳውም።

ሰሌዳና ቀለም፦
ስለ ኮንስታብል ማሻሻያ ሲወራ የ«ግሊብ ፋርም» ሰሌዳ ሳይነሣ አይታለፍም። ሲጀመር ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጸጥ ያለ የእርሻ ቤት ነበር። በ1832 ኮንስታብል በላዩ ፍርስራሽ እንዲጨመር አደረገ፤ ለሉካስም ፍርስራሹ የእሱ የራሱና የዚህ ሥራ ምልክት እንደሆነ ጻፈለት። ያው ሰሌዳ ኋላ «ካስል ኤከር ፕራዮሪ» የሚል ስም ይዞ ወጣ። ማለትም በአንድ ብረት ላይ አንድ የእርሻ ቤትና አንድ የፈረሰ ገዳም ተደራርበዋል። የሙከራ ህትመቶቹን በቅደም ተከተል ያላየ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰሌዳዎች ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ይህን ያህል መለወጥ በቴክኒክ ምን ይጠይቃል? ጥርሳሙ፣ እስቲ።

ጥርሳሙ ብረት፦
ብዙ። ብርሃን የነበረውን ሰማይ የፍርስራሽ ግድግዳ ለማድረግ ቦታውን እንደገና ማረስ አለብህ። በጣም የለሰለሰ ቦታ ደግሞ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ማለስለሻው ብረቱን ወደ ታች ገፍቶታል። ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሮከር አይይዝም፤ ጨርቁም ቀለሙን አይጠርግም። ስለዚህ በሁለት እግር ካሊፐር ከሰሌዳው ጀርባ ትክክለኛውን ቦታ ታገኝና ምልክት ታደርጋለህ። ፊቱን በለሰለሰ ሰንጋ ላይ ደፍተህ ከጀርባ በመዶሻ ቀስ እያልህ ትመታዋለህ፤ እስኪስተካከል። ከዚያ ነው የምታርሰው። ስቲል ላይ ይህ ከመዳብ ይልቅ አድካሚ ነው። ምቱ ከበዛ ፊቱ ጉብ ይላል፤ ያ ጉብታ ሲታተም ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ያለው ነጭ ነጥብ ይሆናል።

አዲስ ገቢ፦
አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንሂድ? የትኛው ህትመት የየትኛው ጊዜ ነው?

ጋሽ ማተሚያ፦
ልጄ፣ ከታች ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ኮንስታብል ራሱ አሳታሚ ስለነበር ሙሉ ጽሑፍ ባላቸው የመጀመሪያ ህትመቶች ላይ አድራሻው ይገኛል፦ 35 ሻርሎት ስትሪት፣ ፊትዝሮይ ስኩዌር፣ ከነዓመቱ። ጽሑፍ የሌለው ከሆነ የሙከራ ህትመት ሊሆን ይችላል፤ ግን ተጠንቀቅ፤ ህዳጉን ቆርጦ «ጽሑፍ የሌለው ብርቅ ህትመት» ብሎ መሸጥ አሮጌ ተንኮል ነው። የሰሌዳው ጠርዝ በወረቀቱ ላይ የጫነው ስርጉድ ማዕቀፍ መኖሩን እይ። ማዕቀፉ ከሌለ ወረቀቱ ተቆርጧል፤ ጽሑፉ የነበረ ይሁን ያልነበረ ማንም ሊምልልህ አይችልም።

ሁለተኛው ትልቅ ቡድን ከኮንስታብል ሞት በኋላ ያለው ነው። ሰሌዳዎቹ አልጠፉም። የኮንስታብል ወዳጅ ሌስሊ የሕይወት ታሪኩን በ1843 ሲያወጣ በመጀመሪያው እትም ውስጥ የሉካስ ህትመቶች ገብተዋል። በ1855 ደግሞ ቦን የተባለው አሳታሚ 22ቱን ከሌሎች የሉካስ ሰሌዳዎች ጋር ደምሮ 40 አድርጎ አወጣቸው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኘው ከመጽሐፍ የተነቀለ ቅጠል ነው። በአንድ ወገን የስፌት ቀዳዳ ወይም የሙጫ ርዝራዥ ካየህ ጠርጥር። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ስቲል ነውና ይበረክታል። ግን ሰማዩ ገርጥቷል፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ግራጫ ወርዷል።

ደመና ቆጣሪ፦
ከጋሼ የተረፈ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስተኛ ቡድን አለ፤ የፎቶግራቩር ቅጂ፣ ማለትም ከፎቶ ወደ ሰሌዳ ተላልፎ የታተመ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የተሠሩ ናቸው፤ እነሱም የሰሌዳ ማዕቀፍ ስላላቸው ብዙ ሰው ያሳስታሉ። 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያዝና ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበትን የደመና ጠርዝ እይ። የሮከሩ የነጥብ ረድፍ ጥርት ብሎ ከታየ ሜዞቲንት ነው። ረድፉ ራሱ ደብዝዞ፣ በላዩ ደግሞ ሥርዓት የሌለው የብናኝ ፍሬ ከታየ ፎቶግራቩር ነው፤ የሜዞቲንት ፎቶ እያየህ ነው። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ክብ ነጥቦች ካየህ ከጋዜጣ የማይሻል ህትመት ነውና ሻጩን ተሰናበተው። ልኬትን ብቻ አትመን፤ ወረቀቱ ሲታተም እርጥብ ስለነበር ሲደርቅ ይኮማተራል። የአንድ ሰሌዳ ሁለት ህትመቶች በጥቂት ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ።

ጋሽ ማተሚያ፦
ወረቀት ካነሣህ አይቀር፣ ህትመት የሰሌዳው ብቻ ሥራ እንዳልሆነ ይታወቅ። ሰሌዳው ሞቅ ይደረጋል። ቀለሙ ይቀባና በሻካራ ስስ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያም በእጅ መዳፍ። ሜዞቲንት ላይ መዳፉ ቀላል መሆን አለበት፤ ከጠነከረ ከእሾኹ ውስጥ ቀለም ይመዝና ጥቁሩ የቡና ዝቃጭ ይመስላል። ቀለሙ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ጨርቁ ይጎትተዋል፤ ከቀጠነ ደግሞ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ይደማል። ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ፊቱ ላይ ግን ውሃ የማይታይበት መሆን አለበት፤ ፊቱ ላይ ውሃ ከተረፈ እዚያ ቦታ ቀለም አይቀበልም። በስሱ የቻይና ወረቀት ላይ ታትመው በወፍራሙ ላይ የተለጠፉት ህትመቶች ግራጫቸው የሚያምረው ስሱ ወረቀት ከጥልቁም ከላዩም ቀለሙን እኩል ስለሚያነሣ ነው።

እንግዲህ አንድን የሉካስ ሰሌዳ «ደካማ» ከማለትህ በፊት፣ ደካማው ሰሌዳው ነው ወይስ አታሚው ብለህ ጠይቅ።

ወፍጮ ቤት፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፦ ሉካስን የኮንስታብል እጅ ብቻ አድርጋችሁ እየጻፋችሁ ነው። ትልልቆቹስ? «ዘ ሎክ» እና «ዘ ኮርንፊልድ» በ1834 የወጡ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ናቸው። የሳልዝበሪው ካቴድራል ከነቀስተ ደመናው ደግሞ አለ። ኮንስታብል ቀስተ ደመናው እጅግ ስስና ለስላሳ ካልሆነ ሁለታችንም ጠፋን የሚል ሐሳብ ጽፎለታል። ቀለም በሌለው ህትመት ቀስተ ደመና መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ሰባቱም ቀለም ግራጫ ነው! መፍትሔው ቅስቱን ከዙሪያው ደመና በትንሹ ብቻ አብርቶ፣ ሁለቱንም ጠርዝ ሳይቆርጡ ማሟሟት ነው። ጠርዙ ከተቆረጠ የድልድይ ቅስት ይመስላል።

ሰሌዳና ቀለም፦
ትችቱ ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ሕይወቱ ከኮንስታብል ጋር የተቆራኘ መሆኑን መካድ አይቻልም። ከአንድ ጌታ፣ ከሬይኖልድስ ቤት የወጡ ሁለት ደቀ መዛሙርት እንውሰድ። ሳሙኤል ከዝንስ ሰው ቀረጸ፤ የመኳንንቱን መልክ፣ የመልክ ሠዓሊውን የሎረንስን ሥራዎች፤ በ1855 ለቀራጮች በተከፈተው የሙሉ አባልነት መብት የሮያል አካዳሚ አባል ሆነ። ሉካስ ደመና ቀረጸ። በዚያው በ1855 የሉካስ ሰሌዳዎች በሌላ ሰው እጅ እንደገና ይታተሙ ነበር። የሰው መልክ ገዢ አለው፤ ባለ መልኩ ራሱ፣ ቤተሰቡ፣ ወዳጁ። የሰፈልክን ደመና የሚገዛ ዘመድ የለውም።

ወፍጮ ቤት፦
ብዙ ጊዜ ግን «ኮንስታብል አድክሞ ገደለው» ተብሎ ይጻፋል። ኮንስታብል ከሞተ በኋላ ሉካስ 44 ዓመት ኖሯል። መጠጥ እንደጎዳው የታወቀ ነው። የሜዞቲንት ገበያም በዚያ ዘመን እየጠበበ ሄዷል፤ የእንጨት ቅርጽ፣ ሊቶግራፍ (የድንጋይ ህትመት)፣ በኋላም ፎቶግራፍ ሥራውን ወሰዱት። ለድህነቱ አንድ ሰው መወንጀል ይከብዳል። የኮንስታብል ደብዳቤዎችም ቁጣ ብቻ አይደሉም፤ ሲያመሰግነውም፣ እንደ ወዳጅ ሲያማክረውም ታነባለህ። ያው ሰው ዛሬ ያመሰገነውን ሰሌዳ ነገ ጥላሸት ይለዋል እንጂ።

ደመና ቆጣሪ፦
እስማማለሁ። ሥራውን ከተርነር «ሊቤር ስቱዲዮሩም» ጋር ማወዳደርም ይጠቅማል፤ ያ ከ1807 እስከ 1819 የወጣ፣ 71 የታተሙ ሰሌዳዎች ያሉት ነው። ተርነር የሥዕሉን አጽም በራሱ እጅ በአሲድ መስመር ያወጣና ሜዞቲንቱን ለባለሙያ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቻርልስ ተርነር ሠራቸው፤ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ እዚያ ህትመት ላይ ዛፉን የሚይዝ መስመር አለ። ሉካስ ግን አጽም የሰጠው የለም። የተሰጠው የዘይት ቀለም ሥዕል ወይም ፈጠን ተብሎ የተሠራ ንድፍ ነው፤ ዛፉ የት እንደሚያልቅና ሰማዩ የት እንደሚጀምር በመፋቂያው የወሰነው ራሱ ነው።

አዲስ ገቢ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። «ኦልድ ሳረም» የሚል ህትመት ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ሰማዩ አይመሳሰልም። አንዱ የሐሰት ነው?

ጥርሳሙ ብረት፦
የግድ አይደለም። «ኦልድ ሳረም» ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፤ ሁለት የተለያዩ ሰሌዳዎች አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ ከሰማዩ ይልቅ ማንም ሊያሻሽለው የማይደክምበትን ትንሽ ነገር ፈልግ፤ ከፊት ያለ የሣር ጉብታ፣ የመንገድ ጠርዝ፣ የበግ አቋቋም። የሮከሩ ረድፍ እዚያ ቦታ ላይ ነጥብ በነጥብ ከተገጣጠመ ሰሌዳው አንድ ነው፤ ሰማዩ ኋላ ተለውጧል። ካልተገጣጠመ ሰሌዳው ሌላ ነው። ፎቶ የምታነሣ ከሆነ ብርሃኑን ከጎን አድርገው፤ ፊት ለፊት ብልጭታ ጥቁሩን ያነጣዋል።

አዲስ ገቢ፦
በጎቹን አየሁ። አይገጥሙም።

ጋሽ ማተሚያ፦
ሁለት ሰሌዳ ነዋ። አሁን አድራሻውን አንብብልን።